ጋሽ እንዳላማውና የአምቡላንሱ ባሌስትራ

የጋሽ እንዳላማውን ሞት የሰማሁት ደብረ ማርቆስ፣ አሁን በምሠራበት ሆስፒታል፣ የአንዲት ነፍሰ ጡር የደም ግፊት ስለካ ነው። ሴትዮዋን ይዞ የመጣው ወንድሟ በሩ አጠገብ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና፣ እዚያ ታች እነሱ ዘንድ እሠራ እንደነበር ጠየቀኝ። እሠራ ነበር አልኩት።

"እንግዲያው ሹፌራችን አረፉ" አለኝ። "ጾሙ ሲገባ ነው ያረፉት። መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ለማንም መላክ አልተቻለም።"

የለካሁትን ቁጥር አንብቤ ልጽፈው ስል ጠፋብኝ። ሴትዮዋን ይቅርታ ጠይቄ እንደገና ለካሁ።

እዚያ ታች ብሎ የጠራው ከአምበር ወደ ደቡብ፣ ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚያዘቀዝቀው መንገድ ላይ ያለውን ጤና ጣቢያ ነው። ትምህርቴን ጨርሼ በአዋላጅነት መጀመሪያ የተመደብኩት እዚያ ነበር። ጋሽ እንዳላማው ደግሞ የጤና ጣቢያው አምቡላንስ ሹፌር ነበሩ። የአካባቢው ሰው "አያ እንዳላማው" ይላቸዋል፤ እኔ የከተማ ልጅ ስለሆንኩ "ጋሽ" ነው የምላቸው። ቁመታቸው አጭር፣ አንገታቸው ደንዳና፣ ትከሻቸው ላይ ሁልጊዜ አንድ የነተበ ፎጣ የማይጠፋ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን የፈጁት በእህል ጭነት መኪና ላይ ነው። አምቡላንስ መንዳት የጀመሩት ፀጉራቸው ከሸበተ በኋላ ነው። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ እህል አይጮህም፣ ከመሞቴ በፊት የሚጮህ ነገር ልጫን ብዬ ነው አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ስቄ ነበር።

ጠዋት ጠዋት ሞተር ከማስነሣታቸው በፊት አንድ የማይተዉት ነገር ነበራቸው። ወደ መኪናው ኋላ ይሄዱና መዳፋቸውን አሳርፈው በሙሉ ክብደታቸው ወደ ታች ይጫኑትና ለቀቅ ያደርጉታል። ከዚያ ቆመው ያያሉ። መኪናው አንዴ ተነሥቶ ጸጥ ካለ አሞርዛተሩ፣ ማለትም ንጥረቱን የሚያበርደው ቱቦ፣ ደህና ነው። እየተነሣ እየወረደ ከተወዛወዘ ግን አሞርዛተሩ ሞቷል ማለት ነው። የእኛ መኪና ሁልጊዜ ይወዛወዝ ነበር። እሳቸው ፎጣቸውን አስተካክለው፣ "መንገዱ የመንግሥት ነው፤ ወገቡ ግን የእኔ ነው" ይሉና ወደ ካቢናው ይገባሉ። የመኪናን የኋላ ክፍል "ወገብ" ነበር የሚሉት።

መንገዱም መንገድ ለመባል የሚበቃው በበጋ ብቻ ነው። ከጤና ጣቢያው እስከ ወንዙ ድንጋይ ነው፤ ከወንዙ ማዶ አንገት ቀና የሚያስደርግ ዳገት ይመጣል፤ ከዳገቱ በላይ ደግሞ ዝናብ ሲነካው እንደ ሊጥ የሚይዝ ጥቁር አፈር። ያንን ሁሉ ያለፈ አስፋልት ያገኛል።

በተመደብኩ በመጀመሪያው ክረምት ጥሩወርቅ የምትባል ሴት አመጡልን። ሦስተኛ ልጇን ቤቷ ወልዳ፣ የእንግዴ ልጁም ወጥቶ፣ ደሟ አልቆም ብሎ ነበር። ያለኝን መድኃኒት ሁሉ ሰጠኋት፤ አልቆመም። ሆስፒታል መድረስ ነበረባት። እስክንደርስ ድረስ ማህፀኗን በሁለት እጄ ጨምቄ መያዝ ነበረብኝ። ከለቀቅኩት ደሙ ይመጣል፤ ነገሩ ይኸው ነው፣ ከእጄ ሌላ መድኃኒት አልነበረም። ባሏ ስንሻውና አራት ዘመዶቿ ከኋላ ተጨናንቀው ተቀመጡ።

መኪናው እንደ በቅሎ ይራገጥ ነበር። ድንጋይ በረገጠ ቁጥር ከመቀመጫዬ ተነሥቼ እወድቃለሁ፤ ስነሣ እጄም ይነሣል። መልሼ ስጨምቅ ከጣቶቼ ሥር ያለው ነገር ይበልጥ ይላላብኛል። ዳገቱን ጨርሰን ጥቁሩ አፈር ላይ ስንደርስ ጥሩወርቅ ውኃ ጠየቀችኝ። አስፋልቱ በሩቅ ይታይ ነበር። እዚያ ላይ ሞተች።

ጋሽ እንዳላማው መኪናውን አቁመው ወደ ኋላ መጡ። ዘመዶቿ ወርደው ያለቅሳሉ፤ ስንሻው መሬት ላይ ተቀምጧል። እሳቸው የሟችን ፊት ካዩ በኋላ እጄን አዩ።

"ሲስተር፣ እጅሽ ብዙ ተነሣ?" አሉኝ።

"በየድንጋዩ" አልኳቸው።

ፎጣቸውን ከትከሻቸው አውርደው ሰጡኝ። ስንመለስ አስከሬኗን ይዘን በእግረኛ ፍጥነት ነዱ። መኪናው ያን ጊዜ አልነጠረም። ከሁሉ ይበልጥ ያንገበገበኝ እሱ ነው፤ ለሞተችው ለዝቦ ሄደ።

በማግሥቱ የጤና ጣቢያውን ኃላፊ፣ ምናለ ይባላል፣ መንጃ ፈቃድ ስላለው መኪናውን እስከ ወንዙ ነድቶ እንዲመልስላቸው ለመኑት። እሳቸው ከኋላ አልጋው ላይ ተጋደሙና በቀበቶ እሰሩኝ አሉ። ምናለ ነገሩ አስቆት ነበር። ሲመለሱ ግን እየሳቀ አልወረደም። ጋሽ እንዳላማው በሩን ተደግፈው ወርደው ጎማው አጠገብ ተቀመጡ። "ዕድሜዬን ሙሉ ፊት ተቀምጬ ነው የኖርኩት። ከኋላ ምን እንዳለ አላውቅም ነበር" አሉ።

ከዚያ መኪናው ሥር ገብተው እኔንም ጎንበስ ብዬ እንዳይ ጠሩኝ። ባሌስትራ ማለት አንዱ በአንዱ ላይ የተነባበረ፣ እንደ ቀስት ጎበጥ ያለ ጠፍጣፋ ብረት ነው፤ የመኪናውን የኋላ ክብደት የሚሸከመው እሱ ነው። አንዳንዱ መኪና በምትኩ ሞላ አለው፣ የተጠቀለለ ሽቦ የሚመስለው። የእኛ አምቡላንስ ባሌስትራ ላይ ግን ከፋብሪካ ያልመጡ፣ ከከባድ መኪና የተወሰዱ ወፋፍራም ብረቶች ተጨምረውበት ነበር። ከእሳቸው በፊት በነበረው ሰው ጊዜ መኪናው ሲሚንቶና ምርጥ ዘር ያመላልስ ስለነበር እንዳይጎብጥ ብለው ነው የጨመሩለት። ለሲሚንቶ የደነደነ ወገብ አንዲት የተኛች ሴትና አንዲት አዋላጅ ሲጫኑበት መኖራቸውንም አያውቅም። አይታጠፍም። ድንጋዩ የሰጠውን ሁሉ ወደ ላይ ይመልሳል።

በእረፍቴ ቀን ወደ ቤተሰቦቼ ስሄድ አብረን ደብረ ማርቆስ ወጣን። ድሮ ረዳታቸው የነበረ፣ አሁን የራሱ ጋራዥ ያለው ሙሉቀን የሚባል መካኒክ ዘንድ ወሰዱኝ። ቤቴ አልሄድኩም፤ ከሰዓቱን እዚያ ዋልኩ። ሁለቱ ሰዎች እንደ አማት አስታራቂ ሽማግሌ በአንድ መኪና ወገብ ላይ ሲከራከሩ ዋሉ።

የሙሉቀን የመጀመሪያ ሐሳብ ወፋፍራሞቹን ብረቶች አውጥቶ መጣል ነበር። ዋጋው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ መኪናው ወዲያው ይለዝባል። ግን ሰው ሲበዛበት ወገቡ ሰምጦ ከሻንሲው፣ መኪናው ከቆመበት ዋና ብረት፣ ጋር ይጋጫል፤ ያ ምት ደግሞ ከበፊቱ የባሰ ነው። አሞርዛተሩን ብቻ በጥሩ በጋዝ በሚሠራ ብንቀይረው መወዛወዙ ይቆማል፣ ድንዳኔው ግን እንዳለ ይቀራል። ሞላ እንግጠምለት ቢባል እንደ ቤት መኪና ይለሰልሳል፤ ነገር ግን ሻንሲ ተቆርጦ፣ ተበይዶ፣ ዋጋውም ሰማይ ነው፤ ብየዳው ወንዝ ውስጥ ቢሰነጠቅ ማን ይደርስላችኋል አለ። ባሌስትራ ግን ቢሰበር እንኳ በእንጨትና በገመድ ታስሮ ቤት ይገባል።

ሙሉቀን ልቡ ያዘነበለው ወደ አየር ከረጢቱ ነበር። ባሌስትራው ላይ የሚቀመጥ ወፍራም ላስቲክ ነው፤ ሰው ሲበዛ አየር ትሞላዋለህ፣ ሲያንስ ታስተነፍሰዋለህ። ዋጋውም መካከለኛ ነው።

"ድንጋይ ቢቀደውስ?" አሉ ጋሽ እንዳላማው።

"ይቀየራላ ጋሼ።"

"የት?"

"አዲስ አበባ ይገኛል።"

"የሴትዮዋም ምጥ እስከ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ ይጠብቀን እንደሆነ ጠይቂልኛ" አሉኝ ወደ እኔ ዞረው።

የእሳቸው ምኞት የመጨረሻው ነበር፦ ለእንደዚህ ያለ መንገድ ተብሎ የተሠራ፣ ብረቱ ቀጭንና ረጅም የሆነ ሙሉ ባሌስትራ፣ ከነአሞርዛተሩ። ሲጫንበት ቀስ ብሎ ይታጠፋል፤ ሲለቀቅ ቀስ ብሎ ይመለሳል። ዋጋው ግን ከእጃቸው በላይ ነበር።

መጀመሪያ ወደ ወረዳ ነው የሄዱት። ያነጋገራቸው ሰው ክፉ አልነበረም፤ ወንበር ሰጥቶ አዳመጣቸው። ከዚያ መኪናው እስከሄደ ድረስ ለምቾት ተብሎ የሚያዝ በጀት እንደሌለ ነገራቸው። ጋሽ እንዳላማው ምቾት አላልኩም ብለው ወጡ። ለእኔ የነገሩኝ ይህን ብቻ ነው።

ቀጥሎ ሕዝቡን ለመኑ። እሑድ ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ግቢ ዛፍ ሥር ሲሰበሰብ፣ የደብሩን አለቃ አስፈቅደው ቆሙ። ዋጋውን በብር ቢናገሩት ሰው እንደማይጨብጠው ያውቃሉ። ብረቱን ማውጣት አንዲት ዶሮ ነው አሉ፤ አሞርዛተሩ ሁለት ሙክት፤ የአየር ከረጢቱ ጊደር፤ ሙሉው ባሌስትራ አንድ ጥማድ በሬ፤ ሞላው ሁለት ጥማድ። እያንዳንዱ ለምን እንደሚበጅና ምን እንደሚጎድለው አስረዱ። ገበሬ በሬ ሲገዛ እንደሚያዳምጥ ሆኖ ነው ሰው ያዳመጣቸው። ዋጋውን ሁሉም ተረዳው። የከበደው ሌላው ነገር ነበር፤ መኪናው ከለዘበ ከታማሚዋ ጋር ከሁለት ሰው በላይ መጫን አይቻልም።

አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፣ ሰው ከሞተ አስከሬኑን ከማርቆስ ማን ያመጣዋል አሉ። ሌላውም እንደዚያው አለ። አነጋገራቸው የጭካኔ አልነበረም። በዚያ መንገድ የሄደ ብዙ ጊዜ ሬሳ ሆኖ ነው የሚመለሰው፤ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ የሚሄደውም ለዚያ ነው።

ያኔ የጥሩወርቅ ባል ስንሻው ተነሣ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሰው መሐል ሲናገር የሰማው የለም።

"እኛ አምስት ሆነን ሄድን" አለ። "አንዳችንም ለማዳን አልነበረም የሄድነው፤ አምስታችንም ለመቅበር ነው የሄድነው። ለቀባሪ ቦታ ብላችሁ የምትድነውን አታንገላቱብኝ።"

ሰው ከየቤቱ ጤፍና ስንዴ አዋጣ፤ እህሉ አምበር ገበያ ወጥቶ ተሸጠ። ጥማድ በሬ አልሞላም። ለአሞርዛተሮቹና ለጥቂት ረዣዥም ብረቶች ግን በቃ። ሙሉቀን ወፋፍራሞቹን አውጥቶ በቀጫጭኖቹ ተካና የእጁን ዋጋ አልቀበልም አለ። ጋሽ እንዳላማው መኪናውን ከኋላ ተጭነው ለቀቁት። አንዴ ተነሣና ጸጥ አለ። እጃቸውን ሳያነሡ ብዙ ቆሙ።

ከዚያ በኋላ የነበረው በጋ በሥራ ዘመኔ የሚቆጠርልኝ በጋ ነው። ሦስተኛ ሰው ልሳፈር ካለ ሞተሩን ያጠፉና ቁልፉን ኪሳቸው ከትተው ይጠብቃሉ፤ ስንት ሰው ሰድቧቸዋል። ልክ እንደ ጥሩወርቅ ደም የሚፈሳት አንዲት ሴት ይዘን በዚያው መንገድ ወጣን። አስፋልቱ ጋ ስንደርስ አቁመው መጡና ስለ እጄ ጠየቁኝ። አልተነሣም አልኳቸው። የኋላው መርገጫ ላይ ተቀመጡ። ሴትዮዋ ዳነች።

መኪናውን ያጣነው በሁለተኛው ዓመት ነው። አካባቢው ሲታወክ፣ መንገዱ ዛሬ ተከፍቶ ነገ ሲዘጋ፣ የታጠቁ ሰዎች መጥተው ቁልፉን ተቀበሏቸው። የማን ታጣቂዎች እንደነበሩ ዛሬም መናገር አልፈልግም፤ ለሚያምጡት ሴቶች ልዩነት አልነበረውም። ጋሽ እንዳላማው አልተከራከሩም። ከኋላ ሦስት ሰው እንዳይጭኑ ብቻ ለመኗቸው። አንዱ ልጅ ሳቀ። ከወራት በኋላ መኪናው ገደል አፋፍ ላይ ተቃጥሎ መገኘቱን ሰማን። በእግራቸው ሄደው አይተውት ተመለሱና ምን ተረፈ ብዬ ስጠይቃቸው፣ ወገብ የሚባል ነገር የለውም አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ መኪናው አንሥተው አያውቁም።

ሴቶቹ ግን መውለዳቸውን አልተዉም። በቃሬዛ መሸከም ተጀመረ። ጋሽ እንዳላማው ደመወዛቸው ይምጣ አይምጣ በማይታወቅበት፣ እግራቸውም ማበጥ በጀመረበት ጊዜ ቤታቸው አልገቡም። ጎልማሶቹን ሰብስበው አሸካከም አስተማሩ። መጀመሪያ ራሳቸው ቃሬዛው ላይ ተጋድመው ጤና ጣቢያውን አዞሯቸው። ጉልበታችሁን አታድርቁ፣ ቁልቁለት ላይ አትሩጡ፣ ከፊት ያለው አጭር ከሆነ ከኋላ ያለውን በትከሻ ሳይሆን በእጁ እንዲይዝ አድርጉ ይላሉ። እየተቆጡ ነበር የሚያስተምሩት። ማታ ማታ ግን ጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ወደ መንገዱ ሲያዩ ፊታቸውን ማየት አልችልም ነበር። አንዳንዷ ደረሰች፤ አንዳንዷ ዳገቱ ላይ ቀረች።

ስንሻው በዚያ መሐል እናኑ የምትባል ሴት አግብቶ ነበር። ምጥ ሲይዛት ቶሎ ብሎ አመጣት፤ ከጥሩወርቅ ወዲህ ቤት መውለድ የሚባል ነገር አያምንም። ሳያት ልጁ ተጋድሟል፤ አንድ እጁ ቀድሞ ወጥቷል። እንዲህ ያለው ያለ ቀዶ ጥገና አይወለድም። ምጡ በገፋ ቁጥር ማህፀኗ እየሳሳ ይሄዳል። የልጁን ልብ አዳመጥኩ፤ ይመታል። ገና ጠዋት ነበር፤ ዝናብ ያረገዘ ጠዋት።

በቃሬዛ ተሸክመናት ወጣን፤ ጋሽ እንዳላማው በትር ይዘው ከፊት ከፊት እየሄዱ የሚረገጠውን መሬት ይመርጣሉ። ዳገቱ ግማሽ ላይ ዝናቡ ወረደ። ጥቁሩ አፈር ላይ የሰው እግር እስከ ቅልጥሙ ይሰምጣል፤ ተሸካሚዎቹ በየጥቂቱ ይለዋወጣሉ። ስንሻው አንድም ጊዜ አልተለወጠም። እናኑ መጀመሪያ ትጮህ ነበር፤ በኋላ ተወችው። አስፋልቱ ላይ ስንወጣ ቀኑ ተጋምሷል። አስፋልቱ ባዶ ነበር። በዚያ ሰሞን መንገዱን የሚደፍር መኪና አልነበረም።

ብዙ ከቆየን በኋላ ከአምበር በኩል አንድ አይሱዙ መጣ። የሚያቆም አይመስልም ነበር። ጋሽ እንዳላማው መሐል መንገድ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። ሹፌሩ እላያቸው ላይ ሊወጣ ትንሽ ሲቀረው ቆመ። ፈርቶ ነበር፤ ግን ቃሬዛውን ሲያይ ጫኑ አለ። ስንሻውና ሌሎቹ ቃሬዛውን ሊያነሡ ሲሉ ጋሽ እንዳላማው ከለከሏቸው። ወደ መኪናው ኋላ ሄደው ባሌስትራውን አዩ። መኪናው እህል አራግፎ ባዶውን እየተመለሰ ነበር።

"ሲስተር" አሉኝ፣ "ባዶ አይሱዙ ሲመታ ከአምቡላንሱ የባሰ ነው። ብትመታ ምን ትሆናለች?"

"ማህፀኗ ሊቀደድ ይችላል" አልኩ።

"ከተቀደደስ?"

"ሁለቱም ይሞታሉ።"

መንገዱ ዳር ለጥገና የተራገፈ የድንጋይ ክምር ነበር። ዞር ብለው ለተሸካሚዎቹ፣ "ድንጋዩን ጫኑ፤ ከኋላው ጎማ በላይ ይሁን" አሉ። ባዶ ወገብ ክብደት ሲያገኝ ይለዝባል፤ ይህን የማያውቅ ሹፌር የለም፤ አይሱዙ ነጂውም ወርዶ አብሮ መጫን ጀመረ። ከጠዋት ጀምሮ ዳገት ሲወጡ የዋሉ ሰዎች በዝናብ ድንጋይ ተሸከሙ። ስንሻው የጋሽ እንዳላማውን ኮት አንገት ያዘ።

"አያ እንዳላማው፣ ሚስቴ እየሞተች አንተ ድንጋይ ትጭናለህ?"

"ባዶውን ከሄድን መንገድ ላይ ትቀርብሃለች" አሉት። "ልቀቀኝና ጫን።"

ለቀቃቸው። ግን አልጫነም፤ ሄዶ እናኑ ራስጌ ተንበረከከ። እኔ በመሐሉ የልጁን ልብ ለመስማት ጎንበስ አልኩ። የዝናቡ ድምፅ፣ የድንጋዩ ድምፅ፣ የሞተሩ ድምፅ። የሰማሁ መሰለኝ። እንደሰማሁ ግን መማል አልችልም።

መኪናው ወገቡ ዝቅ እስኪል ተጫነ። እናኑን ከፊት፣ ከካቢናው ጀርባ፣ ቃሬዛውን ተሸካሚዎቹ ጭን ላይ አሳርፈን ይዘናት ሄድን። ጋሽ እንዳላማው ገቢና ገብተው ሹፌሩን በየጉድጓዱ ሲመሩት በመስኮቱ አያቸው ነበር። መኪናው ተንገዳገደ እንጂ አልመታም። እናኑ እጄን ይዛ ነበር፤ እስከ ሆስፒታሉ በር አልለቀቀችኝም።

ሐኪሞቹ ወዲያው አስገቧት። እሷ ተረፈች፤ ማህፀኗም አልተቀደደም። ልጁ ሞቶ ወጣ። ወንድ ነበር።

ስንሻው ኮሪደሩ ላይ ሲነገረው፣ ድንጋዩ ላይ ያጠፋነው ጊዜ ነው አለ። ሐኪሙ ልጁ መቼ እንደሞተ ማወቅ እንደማይቻል፣ እናትየዋ ግን ብትንገላታ ኖሮ እዚህ እንደማትደርስ ነገረው። ስንሻው የሰማ አይመስለኝም። ጋሽ እንዳላማው ግድግዳውን ተደግፈው ቆመው ነበር፤ እጃቸው ጭቃ ለብሶ በድንጋይ ተልጧል። ስንሻው ባጠገባቸው ሲያልፍ አላያቸውም። ከዚያ ቀን በኋላም ሰላም አላላቸውም ሲሉ ሰምቻለሁ።

ብዙም ሳይቆይ እኔ ወደ ደብረ ማርቆስ ተዛወርኩ፤ እሳቸውም እግራቸው አልታዘዝ ብሏቸው አምበር፣ ሚስታቸው እትዬ የሺ ዘንድ ገቡ። መንገዱ በተከፈተ አንድ ጠዋት ልጠይቃቸው ሄድኩ። ኩላሊታቸው እንደደከመ ፊታቸውን አይቼ አወቅኩ። እትዬ የሺ ሆስፒታል እንዲሄዱ እንድለምንላቸው በዓይናቸው ይነግሩኛል። ለመንኳቸው። እትዬ የሺ ወደ ጓዳ እስኪገቡ ጠበቁ።

"ድንጋዩን ስንጭን ነው የሞተው?" አሉኝ።

የማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። አይደለም ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እንዲያ ብላቸው ግን እንደሚያውቁብኝ አውቃለሁ፤ ይህ ሰው የሚንቀጠቀጥ ነገር በእጁ ዳስሶ ሲለይ ነው የኖረው።

"አላውቅም ጋሽ እንዳላማው" አልኳቸው። "ያን ጊዜ የሰማሁ መስሎኛል። ግን አላውቅም።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ስንሻው ግን የሚያውቅ ይመስለዋል፣ አይፈረድበትም አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

"ዛሬም ብትመጣ እጭናለሁ" አሉ። "ተኝቼ ሳስበው እውላለሁ፤ ሌላ መንገድ አላገኘሁለትም። ዛሬም ብትመጣ ያንኑ ድንጋይ እጭናለሁ። የሚያስፈራኝ እሱ ነው።"

እጃቸውን ያዝኩ። ቀዝቅዞ ነበር። ውጪ የማርቆስ መኪና ጥሩምባ ሲነፋ ሰሙና፣ መንገዱ ሳይዘጋብሽ ሂጂ አሉኝ። ሄድኩ።